የባለሙያ ምላሽ፦ ለትንሽ የውድድር ሞዴል አውሮፕላን የትኛው ሪሞት ይሻላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከፎም የሠራሁት፣ የክንፉ ርዝመት 80 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከነባትሪው 450 ግራም ገደማ የሆነ የውድድር ሞዴል አውሮፕላን አለኝ። የሚሠራው በባለ 3 ሴል ሊፖ ባትሪ ነው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ምሰሶ ተክለን፣ በምሰሶዎቹ ዙሪያ እየዞርን ልንወዳደር አስበናል። ለሪሞት ሦስት አማራጭ ቀርቦልኛል። አንደኛው አጎቴ ከጀርመን ይዞት የመጣ የቆየ ባለ 35 ሜጋ ኸርዝ ነው። ሁለተኛው ርካሹ ባለ 6 ቻናል ፍላይስካይ ኤፍኤስ-አይ6 ነው። ሦስተኛው 30 ኪሎ ሜትር ይደርሳል የሚባል ባለ 915 ሜጋ ኸርዝ ነው። አንድ ወዳጄ ‹እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞገዱ ቶሎ ይደክማል፤ ረጅም ርቀት የሚሄደውን ግዛ› ብሎኛል። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ስለሚመጣ የምገዛውን አሁን መወሰን አለብኝ። የቱን ላስመጣ?»

ምላሽ፦ ከሦስቱ አንዱንም እንደ መጀመሪያ ምርጫ አልመክርም። የምመክረውን ከመናገሬ በፊት ግን የወዳጅዎን አስተያየት ማንሳት አለብኝ፤ ወደ ተሳሳተው ዕቃ የሚመራዎ እሱ ነውና። የአየር መሳሳት የሬዲዮ ሞገድን አያደክምም። ሞገድ አየር ጨርሶ በሌለበትም ይጓዛል፤ በየጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ የሚቀበለው ምልክት 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣ ሲሆን፣ ከመንገዱ አብዛኛው ባዶ ሕዋ ነው። ከፍታ የሚጎዳው ሬዲዮውን ሳይሆን አውሮፕላኑን ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ ከእንጦጦ ማዶ ያለችው ሱሉልታ ደግሞ ከመሀል ከተማውም ከፍ ትላለች። በዚህ ምክንያት ያው አውሮፕላን ክብደቱን ለመሸከም ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ መብረር ይኖርበታል፤ መታጠፊያው ይሰፋል፣ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ያንሳል፣ የሚግል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃም በቀላሉ አይቀዘቅዝም። የመጨረሻውን ነጥብ ይያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ርቀት የሚነሣው ጥያቄም ከውድድሩ ጠባይ ጋር አይገናኝም። በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የሚካሄደው ኤፍ3ዲ የተባለው ፈጣን የምሰሶ ውድድር እንኳ የሚዞረው ሦስት ምሰሶዎችን ነው፤ ሁለቱ በ40 ሜትር ይራራቃሉ፣ ሦስተኛው ከእነርሱ 180 ሜትር ይርቃል፣ አንድ ዙር 400 ሜትር ያህል ሆኖ 10 ጊዜ ይዞራል። እናንተ ከዚህ የሰፋ ሜዳ አትዘረጉም። ብትዘረጉም ባለ 80 ሴንቲ ሜትር ክንፍ አውሮፕላን 300 ሜትር ሲርቅ ሆዱን ይሁን ጀርባውን እንዳሳየ ዓይን መለየት ስለሚያቅተው፣ ሬዲዮው ከመድከሙ አስቀድሞ አብራሪው ይደክማል። ነገሩን በቁጥር እንየው። 100 ሚሊ ዋት የሚያወጣ የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ማስተላለፊያ፣ ግርዶሽ በሌለበት 200 ሜትር ላይ ላለ ሪሲቨር፣ ማለትም በአውሮፕላኑ ውስጥ ላለው ምልክት ተቀባይ፣ የሚያደርሰው ጉልበት ከዜሮ በታች 66 ዲቢኤም ገደማ ነው፤ ዲቢኤም የምልክት ጉልበት መለኪያ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ምልክቱ ደካማ ነው። ኤክስፕረስ-ኤልአርኤስ በተባለው የሪሞትና የሪሲቨር መነጋገሪያ ሥርዓት የሚሠራ ሪሲቨር በሴኮንድ 250 ጊዜ መልእክት እየተቀበለ ከዜሮ በታች እስከ 108 ዲቢኤም ድረስ ይሰማል። የ42 ዴሲቤል ልዩነት ማለት የሚደርሰው ጉልበት ከሚያስፈልገው ከ15,000 እጥፍ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ያህል ትርፍ እያለ በካርቶኑ ላይ ለታተመ የኪሎ ሜትር ቁጥር ገንዘብ መጨመር ከንቱ ወጪ ነው።

ባለ 915 ሜጋ ኸርዙ ከከንቱ ወጪም ያለፈ ችግር አለው። ከ902 እስከ 928 ሜጋ ኸርዝ ያለው መስመር ለእንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች ክፍት የተደረገው የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቀጣና 2 ብሎ በሰየመው በአሜሪካ አህጉሮች ነው። ኢትዮጵያ ያለችው በቀጣና 1 ነው። በእኛ በኩል ይህ ሰፈር የሞባይል ስልክ ነው፦ በጂኤስኤም 900 ሥርዓት ስልኮች ወደ ማማው የሚናገሩት እስከ 915 ሜጋ ኸርዝ ባለው መስመር ሲሆን፣ በተስፋፋው ክፍሉ ማማው ለስልኮች የሚመልሰው ከ925 ሜጋ ኸርዝ ይጀምራል። ስለዚህ ሪሞትዎ በአንድ ጫፉ የጎረቤት ስልክ ጥሪ ይረብሻል፤ በሌላው ጫፉ ደግሞ ኮረብታ ላይ ያለ ኃይለኛ ማማ ሪሲቨርዎን ሊያደነቁረው ይችላል። አንቴናውም የሞገዱን ርዝመት ስለሚከተል፣ ለ2.4 ጊጋ ኸርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚበቃው ሽቦ እዚህ ከ8 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ባለ ሁለት ክንድ ሲሆን 16 ይደርሳል። ይህ ዕቃ የተሠራው ካሜራ ተሸክመው ከዓይን ርቀው ለሚሄዱ እንጂ በምሰሶ ዙሪያ ለሚሽከረከሩ አይደለም።

የአጎትዎን ባለ 35 ሜጋ ኸርዝ በአክብሮት ያስቀምጡት። እኔም የተማርኩት በዚያ ትውልድ ሪሞት ነው፤ ሜትር የሚያህለውን የብረት አንቴና ስቦ ማውጣት ራሱ የበረራ መጀመሪያ ይመስል ነበር። ችግሩ ሪሲቨሩ የጌታውን ድምፅ ከሌላው አለመለየቱ ነው። በውስጡ ያለው ክሪስታል የሚወስነው መስመሩን ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው መስመር ሌላ ሰው ሪሞቱን ቢከፍት ወይም የሞተር ብልጭታ ቢፈጠር ሪሲቨሩ ያገኘውን ሁሉ ለሰርቮዎቹ፣ ማለትም የአውሮፕላኑን መሪዎች ለሚያንቀሳቅሱት ትናንሽ ሞተሮች፣ ያቀብላል። አብዛኛዎቹ የዚያ ዘመን ሪሲቨሮች ምልክት ሲጠፋ ሞተር የሚያጠፉበት መንገድም የላቸውም። በሪሲቨሩ በኩል የሚንጠለጠለው አንድ ሜትር የሚጠጋ ሽቦ 80 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ባለው ፈጣን አውሮፕላን ላይ የት ይቀመጣል? አራት ሰው በአንድነት ለሚያበርበት ውድድር ይህ ዕቃ አይሆንም።

ፍላይስካዩ ከሦስቱ የተሻለው ነው፤ ሰዎች እንደሚያሙትም መጥፎ አይደለም። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ይሠራል፣ መስመሩን እየቀያየረ ይዘላል፣ ከተጣመረው ሪሞት በስተቀር ማንንም አይሰማም፣ ርቀቱም ለእናንተ ሜዳ ይበቃል። ያለዎት ቀርፋፋ የመለማመጃ አውሮፕላን ቢሆን ኖሮ «ይግዙት» ብዬ ምላሹን እዚሁ በጨረስኩ ነበር። ለእርስዎ የማልመርጠው በሦስት ነገር ነው። ከርሱ ጋር ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ሪሲቨር 15 ግራም ያህል ስለሚመዝን ለ450 ግራም አውሮፕላን ከበድ ይላል። ሁለተኛው፣ ምልክት ሲጠፋ የሚሠራው ፌይልሴፍ በእጅ ካልተስተካከለ በቀር ሞተሩን ያጠፋል ተብሎ አይታመንም፤ ጀማሪ ደግሞ ይህን ሳያስተካክል ሜዳ ይወጣል። ሦስተኛውና ለአካባቢያችን የሚብሰው በጣት የሚገፉት የሪሞቱ ዘንጎች፣ የስቲኮቹ ነገር ነው፦ በውስጣቸው ያለው እየተፋተገ የሚሠራ ፖቴንሽዮሜትር ስለሆነ፣ በበጋ የሱሉልታ አቧራ ሲገባበት ስቲኩ ሳይነካ ሰርቮው ይንቀጠቀጣል። በማግኔት የሚሠሩት፣ «ሆል» የሚባሉት ስቲኮች የሚፋተግ ነገር ስለሌላቸው አቧራን ይታገሣሉ።

የቻናል ብዛትንም (ሪሞቱ ለየብቻ የሚልካቸውን ትእዛዞች ብዛት) ከፍጥነት ጋር አያያይዙት። የእርስዎ ዓይነት አውሮፕላን የሚፈልገው ኤሌሮን (ወደ ጎን የሚያጋድለው የክንፍ መሪ)፣ ኤሌቬተር (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጭራ መሪ) እና ሞተር ነው፤ ብዙዎቹ የውድድር አውሮፕላኖች በራደር (አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ በሚያዞረው የጭራ መሪ) እንኳ አይጠቀሙም። ሞተሩን መቆለፊያ ማብሪያ ተጨምሮ አራት ቻናል ይበቃል፤ ባለ 16 ቻናል ሪሞት አውሮፕላኑን አንዲት ሜትር አያፈጥነውም።

ፍጥነትን በተመለከተ መነጋገር ያለብን ስለ መዘግየት ነው፤ እዚህም ላይ ማስታወቂያው ከእውነቱ ይቀድማል። አውሮፕላኑ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲበር በሴኮንድ 33 ሜትር ይሄዳል። መልእክት በየ20 ሚሊ ሴኮንዱ የሚደርሰው ከሆነ በሁለት መልእክቶች መካከል 67 ሴንቲ ሜትር፣ በየ4 ሚሊ ሴኮንዱ ከሆነ 13 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ልዩነቱ ከክንፉ ግማሽ ይበልጣልና ምሰሶ ታክከው ሲያልፉ ይሰማዎታል። ይሁን እንጂ በሴኮንድ 500 ወይም 1,000 መልእክት የሚልከውን ለማግኘት አይንገብገቡ፤ ተራው አናሎግ ሰርቮ ትእዛዝ የሚቀበለው በሴኮንድ 50 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሪሞቱ የሮጠው ሁሉ እሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሰርቮው 60 ዲግሪ ለመዞር 0.1 ሴኮንድ ከፈጀበት፣ 15 ዲግሪ ለመዞር ሌላ 25 ሚሊ ሴኮንድ ይፈልጋል፤ የእርስዎ ዓይንና እጅ ደግሞ ወደ 200 ሚሊ ሴኮንድ ይወስዳሉ፤ በዚያ ጊዜ አውሮፕላኑ ከ6 ሜትር በላይ አልፏል። ስለዚህ ከሪሞቱ ላይ ቆጥበው ጥርሱ የማይላላና ወደ መሀል በትክክል የሚመለስ የብረት ጥርስ ያለው ዲጂታል ሰርቮ ቢገዙ ትርፉ ይበልጣል። የሪሲቨሩን መውጫ በሴኮንድ 333 ጊዜ እንዲያዝ ማስተካከል የሚቻለው ሰርቮው ዲጂታል ከሆነ ብቻ መሆኑን ይወቁ፤ አናሎጉን በዚህ ፍጥነት ካዘዙት ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

አሁን ይያዙልኝ ወዳልኩት ነጥብ ልመለስ፤ ከዚህ ሁሉ ጉዳይ የሚበልጥብኝም ይኸው ነው። «ሪሞቱ ከዳኝ» ተብሎ ከሚወራው ውድቀት ብዙው የሬዲዮ ሳይሆን የኃይል አቅርቦት ውድቀት ነው። ሪሲቨሩና ሰርቮዎቹ የሚመገቡት 5 ቮልት ሲሆን፣ ይህን ከዋናው ባትሪ ቀንሶ የሚሰጣቸው የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ በሆነው ኢኤስሲ ውስጥ ያለው ቤክ የሚባል ክፍል ነው። በርካሽ ኢኤስሲዎች ውስጥ ያለው ሊኒየር የሚባለው ዓይነት ትርፉን ቮልት በሙቀት መልክ የሚያባክን ነው። ሙሉ የተሞላ ባለ 3 ሴል ባትሪ 12.6 ቮልት ይሰጣል፤ ከዚህ 5 ሲቀነስ 7.6 ቮልት ይተርፋል፤ ሰርቮዎቹ አንድ አምፔር ቢስቡ 7.6 ዋት ሙቀት አውራ ጣት በምታክል ሰሌዳ ላይ ይከማቻል። ሰሌዳዋ ደግሞ በፎም ተከብባ፣ በስስ አየር ውስጥ ናት። ስትግል ራሷን ታጠፋለች ወይም ቮልቱ ያሽቆለቁላል፤ ሪሲቨሩም ኃይል ሲያንሰው ይጠፋና እንደገና ይነሣል። ተነሥቶ ከሪሞቱ ጋር እስኪገናኝ አንድ ሴኮንድ ብቻ ቢፈጅ እንኳ አውሮፕላኑ 33 ሜትር ያለ ሹፌር ሄዷል።

ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት በሰንዳፋ አቅጣጫ ባለ ሜዳ ላይ አንድ አውሮፕላኔ ጠበቅ ባለ መታጠፊያ መሀል ድንገት ትእዛዝ መቀበል አቆመና መሬት ገባ። ጥፋቱን በሪሞቱ ላይ ጥዬ ሌላ ሪሞት ገዛሁ። ሁለተኛውም አውሮፕላን በዚያው ዓይነት መታጠፊያ ላይ በዚያው መንገድ ወደቀ። አዲሱ ሪሞት የበረራውን መዝገብ የሚይዝ ስለነበር ቤት ገብቼ ስከፍተው፣ የሬዲዮው ግንኙነት ጥራት እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ድረስ ሙሉ ሆኖ፣ የሪሲቨሩ ቮልት ግን ሰርቮዎቹ በመታጠፊያው ላይ ሲጨነቁ ከ5 ወደ 4 በታች ተንሸራትቶ አገኘሁት። ሁለት አውሮፕላንና አንድ ሪሞት ያስከፈለኝ አንድ ትንሽ ቤክ ነበር። ስለዚህ ከሪሞቱ ጋር አብሮ ራሱን የቻለ ባለ 5 ቮልት፣ 3 አምፔር ስዊቺንግ ቤክ ያስመጡ። ይህ ዓይነቱ ትርፉን ቮልት በሙቀት ብዙም አያባክንም። ሲገጥሙት ከኢኤስሲው ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደውን ቀዩን ሽቦ ነቅለው ጫፉን በፕላስተር ይሸፍኑ፤ ሁለት ቤኮች በአንድ ሪሲቨር ላይ መግጠም ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ወደ ምክሬ ስመጣ፣ ያስመጡ የምልዎ በኤጅቲኤክስ ሶፍትዌር የሚሠራ፣ በውስጡ ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ኤክስፕረስ-ኤልአርኤስ ያለው ሪሞት ነው። በአነስተኛ ገንዘብ ይህን የሚያሟላው ሬዲዮማስተር ፖኬት ነው፤ ስቲኮቹ የማግኔት ናቸው፣ በተራ ዩኤስቢ-ሲ ገመድ ይሞላል፣ መጠኑም ከሻንጣ ጥግ ይገባል። እጅዎ ትልቅ ከሆነና ገንዘቡ ከተገኘ የዚያው ድርጅት ቦክሰር ይመቻል፤ ለአውሮፕላኑ ግን ልዩነት የለውም። ከርሱ ጋር ሰርቮ በቀጥታ የሚሰካበት ባለ 5 ወይም ባለ 6 መውጫ የኤክስፕረስ-ኤልአርኤስ ሪሲቨር ሁለት ያስመጡ፤ አንዱ መለዋወጫ ይሆናል። እዚህ ላይ የአክስትዎን ልጅ አጥብቀው ያስጠንቅቁ፦ ፖኬት በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ አንዱ ኤክስፕረስ-ኤልአርኤስ ያለው፣ ሌላው ሲሲ2500 የተባለ ሌላ ሬዲዮ ያለው ነው። ከውጭ መንትያ ይመስላሉ፤ የተሳሳተው ከመጣ ከሪሲቨርዎ ጋር አይነጋገርም። ከሪሲቨሮች መካከልም ትንሽ ቁራጭ የሚያክሉት፣ ለድሮን ተብለው የተሠሩት ሰርቮ የሚሰካበት መውጫ ስለሌላቸው ዋጋቸው አያታልልዎ።

የዚህ ሥርዓት ጉድለቱ ከካርቶን ወጥቶ ወዲያው አለመብረሩ ነው። ኤጅቲኤክስ ነፃነት ይሰጣል፤ ነፃነቱን ለመጠቀም ግን አንድ ሁለት ምሽት መቀመጥ ያስፈልጋል። የሪሞቱና የሪሲቨሩ የኤክስፕረስ-ኤልአርኤስ ሶፍትዌር ዋና የእትም ቁጥር ተመሳሳይ መሆን አለበት፤ ቁጥር 2 ያለው ቁጥር 3 ካለው ጋር አይጣመርም። ሁለቱን የሚያስተዋውቃቸው እርስዎ የሚሰጡት የይለፍ ሐረግ ነው። አራታችሁም ይህን ሥርዓት ከያዛችሁ ሐረጉን አትዋዋሱ፤ አንድ ሐረግ በሁለት ሪሞት ላይ ካለ የአንዱን አውሮፕላን ሌላው ሊነዳው ይችላል። ሐረጉ የተለያየ ከሆነ ግን አራታችሁም በአንድ ጊዜ ብታበሩ በመስመር አትጣሉም።

እንደ እርስዎ ክንፍ ያለው አውሮፕላን ለሚያበሩ ሰዎች ወጥመድ የሆነው ደግሞ አምስተኛው ቻናል ነው። በተለመደው አሠራር ኤክስፕረስ-ኤልአርኤስ ሙሉ ጥራት የሚሰጠው ለመጀመሪያዎቹ አራት ቻናሎች ሲሆን፣ አምስተኛው ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው፤ መሀል የለውም። ከስድስተኛው ጀምሮ ያሉትም ተራ እየጠበቁ ነው የሚላኩት። በሌሎች ሥርዓቶች ልማድ ሁለተኛውን ኤሌሮን አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ላይ የሰካ ሰው አንዱ ክንፉ ወደ ጫፍ ሲወረወር ወይም ከሌላው ዘግይቶ ሲንቀሳቀስ ያየዋል። ሁለቱን ኤሌሮኖች በባለ ሁለት ራስ ገመድ ከአንድ ቻናል ያውጧቸው፤ አምስተኛውን ለሞተር መቆለፊያነት ይተዉት። በሴኮንድ 250 መልእክትና 100 ሚሊ ዋት ይበቃዎታል። ሪሞቱን ሁልጊዜ ከአውሮፕላኑ አስቀድመው ያብሩ፤ ሪሲቨሩ ከበራ በኋላ ሪሞቱን ሳያገኝ 60 ሴኮንድ ከቆየ ወደ ዋይፋይ ይቀየርና ባትሪው ተነቅሎ ካልተመለሰ በቀር አይሰማዎትም።

የሪሲቨሩን አንቴና የሚሠራው ጫፉ ላይ ያለው 3 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አይቁረጡት፣ አያጥፉት፣ ከባትሪና ከካርቦን ፋይበር ዘንግ አርቀው ከፎሙ ጎን ያስወጡት። ሪሞቱ ላይ ያለውንም ጫፉን ወደ አውሮፕላኑ አይቀስሩ፤ ሞገዱ በጫፉ በኩል እጅግ ደካማ ሆኖ የሚበረታው በጎኑ ነው። በክረምት የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠል 2.4 ጊጋ ኸርዝን ክፉኛ ስለሚውጥ፣ ከዛፎቹ ወዲያ ምሰሶ አይትከሉ።

ፌይልሴፉን ፕሮፔለሩን ፈትተው ይፈትኑ፦ ሞተሩን በመጠኑ አዙረው ሪሞቱን ያጥፉ። ሞተሩ ወዲያው መቆም አለበት። «የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቀጥል» የሚለው አማራጭ ለእናንተ ሜዳ ፈጽሞ አይሆንም፤ ከብት የሚያግዱ ልጆች ባሉበት ሜዳ ላይ 450 ግራም ዕቃ ሞተሩ እየሠራ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያለ ባለቤት ሊሄድ አይገባውም። ቀጥሎ የሪሞቱን ኃይል ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ አውርደው፣ ጓደኛዎ አውሮፕላኑን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሞ፣ መቶ እርምጃ ርቀው ፊትዎን ያዙሩ፤ ሰውነትዎ በመካከል እያለም የግንኙነት ጥራቱ መውረድ የለበትም። ይህንኑ ሞተሩ እየሠራ ይድገሙት። አውሮፕላኑን ሣር ላይ አስቀምጠው አይፈትኑ፤ መሬት ምልክቱን ስለሚበላው ውጤቱ ያታልላል።

የቀረው ከቴክኒክ ውጭ ያለ ጉዳይ ቢሆንም ከሁሉ ቀድሞ መፈጸም ያለበት ነው። በጉምሩክ ዓይን ሞዴል አውሮፕላን እንደ ድሮን ሊታይ ይችላል፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ዕቃም ቦሌ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለ በረራው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን፣ ስለ ዕቃው ማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን፣ ስለ ሬዲዮው መስመርና ስለ መሣሪያው ፈቃድ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን በጽሑፍ ይጠይቁ። በከተማው ሰሜን መኖርዎ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሚያርቅዎ መልካም ነው፤ ፈቃድን ግን አይተካም። ሰፊ ሜዳ አለ ብላችሁ ወደ ቢሾፍቱ እንዳትሄዱ፤ እዚያ የአየር ኃይል መደብ አለ። ፖኬት የሚፈልጋቸው ሁለት 18650 የሚባሉ ክብ የሊቲየም ባትሪዎች ለብቻቸው የሚሸጡ ስለሆነ አብረው ይታዘዙ፤ እያንዳንዳቸው 10 ዋት-ሰዓት ያህል በመሆናቸው አየር መንገዶች ከሚፈቅዱት 100 ዋት-ሰዓት እጅግ በታች ናቸው። ሆኖም ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በጭነት ሻንጣ አይሄድምና የአክስትዎ ልጅ ጫፎቹን ሸፍኖ በእጅ ሻንጣው ይያዛቸው። የፈቃዱ ወረቀት እጅዎ ሳይገባ ግን ሪሞቱን እንዳይገዛው ይንገሩት።